«የትኛው ፈተና ይቀለኛል?» ከማለት በፊት

ጥያቄ፦

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሕዝብ ጤና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን በአንድ ጤና ጣቢያ እየሠራሁ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ውጭ አገር ለመማር አስቤ መረጃ ማሰባሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በሚጠይቁት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ምርጫ ግራ ተጋብቻለሁ። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ «ቶፍል ተፈተኚ» ይለኛል። አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ደግሞ የዱዎሊንጎ ፈተና ርካሽም ቀላልም ነው ትላለች። አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ በስድስት ሳምንት ውስጥ በአይኤልትስ 7 አስመጣሻለሁ ብሎ ግማሹን ክፍያ አስቀድሜ እንድከፍል ጠይቆኛል። ትምህርት ቤት ሳለሁ የእንግሊዝኛ ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ መናገር ሲመጣ ግን አፌ ይተሳሰራል። ከሦስቱ የትኛው ይቀለኛል?

ግራ የተጋባችው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ወንድምዎም ጓደኛዎም የሚያውቁትን በቅንነት መክረውዎታል። ይሁን እንጂ ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ፤ ወንድምዎ፣ ጓደኛዎና ማሠልጠኛው ሦስቱም ስለ ፈተና ነገሩዎት እንጂ እርስዎ ዛሬ በእንግሊዝኛ የት ላይ እንዳሉ የጠየቀዎት አንድም ሰው የለም። የፈተና ምርጫ መጀመር ያለበት ግን ከዚያ ነው። አይኤልትስም ሆነ ቶፍል ለአንድ ጊዜ ፈተና ወደ 200 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያስከፍላል፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ደግሞ ይህ ገንዘብ በጤና ጣቢያ ለምትሠራ ባለሙያ ከአንድ ወር ደመወዝ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ የሚወጣ አይደለም።

«የትኛው ይቀላል?» ለሚለው ጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ልስጥ። ሦስቱም ፈተናዎች በመሠረቱ የሚለኩት አንድ ነገር ነው፤ ውጤታቸውም የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ካወጣው የጋራ የቋንቋ ማዕቀፍ ጋር ተነጻጽሮ ይተረጎማል። ማዕቀፉ ችሎታን በስድስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ኤ1 እና ኤ2 የጀማሪ፣ ቢ1 እና ቢ2 ራሱን ችሎ መግባባት የሚችል ሰው፣ ሲ1 እና ሲ2 ደግሞ ቋንቋውን በከፍተኛ ብቃት የሚጠቀም ሰው ደረጃዎች ናቸው። በአይኤልትስ ከ4 እስከ 5 ያለው ውጤት በግምት ከቢ1፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ከቢ2፣ ከ7 እስከ 8 ያለው ከሲ1 ጋር ይመጣጠናል። ቶፍል ለብዙ ዓመታት በሠራበት የ120 ነጥብ መለኪያ ቢ2 ከ72 እስከ 94 ሲሆን ሲ1 ከ95 ይጀምራል፤ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ግን ፈተናው ከ1 እስከ 6 ወደሚደርስ አዲስ መለኪያ ስለተሸጋገረ፣ ቀደም ሲል የተፈተኑ ሰዎች የሚነግሩዎትን ቁጥር ከአዲሱ ጋር እንዳያምታቱት። የዱዎሊንጎ ውጤት ደግሞ ከ10 እስከ 160 ይሄዳል። እንግዲህ ቁጥሮቹ ቢለያዩም ከኋላቸው ያለው ደረጃ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ቢ1 ላይ ያለ ሰው ፈተና በመቀየር ብቻ ሲ1 ላይ አይደርስም። አንዱ ፈተና ከሌላው ይልቅ ለአንድ ሰው ጠባይ ሊመች ይችላል፤ ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ነገር ግን የሚመች ፈተና ማግኘት የሚጠቅመው ከሚፈለገው ደረጃ አጠገብ ለደረሰ ሰው ነው።

በትምህርት ቤት ውጤትዎ መተማመንዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያ ውጤት ምን እንደለካ ማየት ያስፈልጋል። በአገራችን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የሌሎቹም ትምህርቶች ማስተማሪያ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ከተሰጡ አማራጮች ትክክለኛውን መርጦ ማጥቆርን የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ተማሪው አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይጽፍ፣ አንድ ዓረፍተ ነገርም ሳይናገር ከፍተኛ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። በዩኒቨርሲቲም ቢሆን ያነበቡት መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ከጓደኛ ጋር የተወያዩበት፣ ብዙ ጊዜም መምህሩ ያብራራበት ቋንቋ ግን ሌላ ነው። ዛሬ በሥራ ቦታዎ ታካሚን የሚያነጋግሩት በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ በእንግሊዝኛ የሚሞሉት ቅጽና ወርኃዊ ሪፖርትም በአብዛኛው ቁጥርና አጭር ሐረግ ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው በማንበብ ከፍ ያለ፣ በማዳመጥ መካከለኛ፣ በመጻፍና በመናገር ደግሞ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። «አፌ ይተሳሰራል» ያሉት ይህንኑ የሚጠቁም ይመስለኛል፤ በእርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ ልዩ ድክመት አድርገው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ።

ስለዚህ መፈለግ ያለብዎት አንድ ደረጃ ሳይሆን አራት ነው፤ ለማንበብ፣ ለማዳመጥ፣ ለመጻፍና ለመናገር ለየብቻው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ «አጠቃላይ 6.5፣ በየትኛውም ክፍል ከ6 ያላነሰ» የሚል ዓይነት መመዘኛ ስለሚያስቀምጡ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው በማዳመጥ 7፣ በማንበብ 7፣ በመናገር 6፣ በመጻፍ 5.5 ቢያገኝ አማካዩ 6.375 ይሆንና ወደ 6.5 ይጠጋጋል፤ አጠቃላይ ውጤቱ መመዘኛውን አሟልቶ ሳለ በመጻፍ ምክንያት ብቻ ማመልከቻው ሊወድቅበት ይችላል። ዕጣዎን የሚወስነው ከአራቱ ዝቅተኛው ነውና ከሁሉ አስቀድመው እርሱን ይፈልጉ።

የማንበብንና የማዳመጥን ደረጃ ማወቅ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ኢኤፍ ሴት የተባለው የበይነ መረብ ፈተና በ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን ለክቶ ውጤቱን በአውሮፓው ማዕቀፍ መሠረት ይሰጣል። የእንግሊዝኛ ፈተናዎችን የሚያዘጋጀው የካምብሪጅ ተቋምም በድረ ገጹ ላይ 25 ጥያቄ ያለው አጭር መመዘኛ አለው፤ ይህኛው ግን ፍንጭ ለማግኘት እንጂ ለውሳኔ አይበቃም። ሲፈተኑ መዝገበ ቃላት አይክፈቱ፤ ሰው አጠገብዎ አይቀመጥ፤ የማያውቁት ጥያቄ ሲያጋጥም ስልክዎን አንስተው ትርጉም አይፈልጉ። ከሥራ ደክመው በመጡበት ምሽት ሳይሆን እረፍት ባደረጉበት ጠዋት ይሥሩት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም አንድ ጊዜ ይድገሙት። ሁለቱ ውጤቶች ከተቀራረቡ ደረጃዎን አገኙት ማለት ነው፤ ከተራራቁ ደግሞ ዝቅተኛውን ይያዙ።

መጻፍና መናገር ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይከብዳል፤ ብዙ ሰው ዘልሎ የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። ለመጻፍ ከዚህ በፊት ያላዩትን አንድ የአይኤልትስ አካዳሚክ (ለዩኒቨርሲቲ የሚቀርበው ዓይነት) የድርሰት ጥያቄ ይምረጡ፤ ሰዓት ይዘው በ40 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 250 ቃል ይጻፉ፤ ጊዜው ሲያልቅ ዓረፍተ ነገሩ ባይጨረስም እጅዎን ያንሡ። ከዚያ ጽሑፉን ለሁለት ቀን አስቀምጠው፣ ፈታኞቹ ራሳቸው የሚሠሩበትንና ለሕዝብ ይፋ የሆነውን የአይኤልትስ የምዘና መስፈርት ከጎኑ አድርገው ያንብቡት። መስፈርቱ አራት ነገር ይመለከታል፦ ጥያቄውን በሚገባ መመለስዎን፣ ሐሳብዎ በሥርዓት ተያይዞ መፍሰሱን፣ የቃላት ስፋትዎን፣ እንዲሁም የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነትን። በሰዋስው ረገድ በ6 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት በጣም የሚጨበጥ ነው፤ 6 የሚያገኝ ሰው ቀላልና ውስብስብ ዓረፍተ ነገሮችን እያፈራረቀ ይጽፋል፣ ይሳሳታልም፣ ስህተቱ ግን መልእክቱን እምብዛም አያሰናክልም፤ 7 የሚያገኝ ሰው ደግሞ ምንም ስህተት የሌለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ደጋግሞ ያወጣል። እንግዲያው ቀይ እስክርቢቶ ይያዙና እንከን የሌለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ያስምሩ። ከአሥራ አምስቱ ሦስቱ ብቻ ከተሰመሩ 7 ገና ሩቅ ነው፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ከተሰመሩ ደግሞ ተስፋዎ መሠረት አለው።

የራስን ስህተት በራስ ዓይን ማየት ስለሚያስቸግር፣ ያንኑ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ወይም በእንግሊዝኛ አዘውትሮ ለሚጽፍ ሰው ያሳዩ፤ «እንዴት ነው?» ብለው ሳይሆን «ስህተቱን ሁሉ አስምርልኝ» ብለው ይጠይቁ። የአገራችን ሰው በዝምድናና በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ማለት ይቀናዋልና አድናቆት ደረጃዎን አይነግርዎትም። አማርኛ ተናጋሪ ሲጽፍ ደጋግሞ የሚያመልጡት ነገሮች አሉ፦ ከስም በፊት የሚገቡት ጥቃቅን ቃላት፣ ለሦስተኛ ወገን ነጠላ በግስ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ፊደል፣ ያለፈውን ጊዜ ከአሁን ጋር የሚያገናኘው የግስ ቅርጽ። ከተሰመሩት ስህተቶች አብዛኞቹ በእነዚህ ሦስቱ ሥር የሚወድቁ ከሆነ ደስ ሊልዎት ይገባል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ስህተት በጥቂት ወራት ልምምድ የሚታረም ነው። ሐሳቡ ራሱ የማይያያዝ ወይም ጥያቄውን የማይመልስ ሆኖ ከተገኘ ግን ረዘም ያለ ሥራ ይጠብቅዎታል።

ለመናገር ስልክዎን ይጠቀሙ። አንድ ርዕስ ያውጡ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ይዘጋጁ፤ ከዚያ ሳያቋርጡ እስከ ሁለት ደቂቃ እየተናገሩ ድምፅዎን ይቅረጹ፤ የአይኤልትስ የቃል ፈተና ሁለተኛ ክፍል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የተቀረጸውን በማግስቱ ሲያዳምጡት መቆምዎን ሳይሆን የቆሙበትን ምክንያት ይመርምሩ። ሰው በራሱ ቋንቋም ሲናገር ሐሳብ ለመምረጥ ይቆማል፤ ይህ አይጎዳም። በየዓረፍተ ነገሩ የሚቆሙት ቃል ወይም ሰዋስው ፍለጋ ከሆነና የጀመሩትን እየተዉ ሌላ የሚጀምሩ ከሆነ ግን በአብዛኛው ቢ1 ላይ ነዎት። በቢ2 የሚናገር ሰው አልፎ አልፎ ቢሳሳትም ያለ ብዙ ጭንቀት ንግግሩን ይቀጥላል፤ አስተያየቱን በምክንያት ያስረዳል፤ አድማጩም ጎትቶ ማውጣት አያስፈልገውም። ስለ አነጋገር ዘይቤዎ አይጨነቁ፤ ኢትዮጵያዊ ቅላፄ ስላለዎት ነጥብ አይቀነስብዎትም፤ የሚታየው ያለ ድካም መሰማትዎ ነው። በሥራዎ ዙሪያ ባሉ ጉዳዮች ብቻ እንዳይለማመዱም አሳስባለሁ። ስለ ክትባት ወይም ስለ እናቶች ጤና ሲናገሩ ቃላቱ በእጅዎ ስላሉ ከደረጃዎ በላይ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ ስለ ልጅነት ሰፈርዎ፣ ስለ አንድ ያልተስማሙበት ውሳኔ ወይም ስለ ከተማ መጓጓዣ ሲናገሩ ግን እውነተኛው ደረጃ ይወጣል።

አራቱን ካወቁ በኋላ የሚቀረው ሒሳብ ነው። ካምብሪጅ ለመምህራን በሚሰጠው ግምት መሠረት ከመነሻው ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400፣ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600፣ ሲ1 ለመድረስ ደግሞ ከ700 እስከ 800 የሚደርስ በመምህር የተመራ የትምህርት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህም ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ለማለፍ በግርድፉ 200 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ሰው ከሰው ይለያያል፤ እርስዎም በእንግሊዝኛ ብዙ ያነበቡ ስለሆኑ ሊፈጥኑ ይችላሉ። ማሠልጠኛው ግን በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢያስተምርዎት እንኳ በስድስት ሳምንት የሚያገኙት 60 ሰዓት ነው። 7 ማለት ሲ1 መሆኑን ያስታውሱ። በመጻፍ 5 ላይ ያለን ሰው በ60 ሰዓት እዚያ አደርሳለሁ ብሎ ቃል መግባት፣ ያውም ደረጃውን ሳይለኩ፣ ተገቢ አይደለም፤ ይህን ስል የማንንም እንጀራ ለመዝጋት ሳይሆን የእርስዎ ገንዘብ ስለሚያሳስበኝ ነው። እንዲህ ያለው አጭር ሥልጠና ጥቅም የሚኖረው ከሚፈለገው ነጥብ አጠገብ ደርሶ የፈተናውን አቀራረብና የሰዓት አጠቃቀም ብቻ ለሚማር ሰው ነው። ወደ ማሠልጠኛው ከሄዱ፣ ከመክፈልዎ በፊት የደረጃ መመዘኛ እንዲሰጥዎትና የጽሑፍዎን እርማት በእጅዎ እንዲያስረክብዎት ይጠይቁ። ይህን የማያደርግ ከሆነ ግማሹን ክፍያ አይስጡ።

አሁን ወደ ፈተናው ምርጫ ልምጣ፤ ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው መራጩ እርስዎ ሳይሆኑ የሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስት ወይም አራት የትምህርት ፕሮግራሞች ይምረጡና የዩኒቨርሲቲውን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ክፍሉንም የመግቢያ መስፈርት ያንብቡ፤ በጤና መስክ ያሉ ክፍሎች ከዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ መመዘኛ ከፍ ያለ ሊጠይቁ ይችላሉ። የመጀመሪያ ዲግሪዎን በእንግሊዝኛ መማርዎን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ካመጡ ፈተናውን ጨርሶ የሚተዉልዎ ተቋማትም አሉ፤ ስለዚህ አንድ ሳንቲም ከማውጣትዎ በፊት ይህን በኢሜይል ይጠይቁ። ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጠው አካል ከዩኒቨርሲቲው የተለየ መስፈርት ሊኖረው ስለሚችል እርሱንም ለየብቻው ያረጋግጡ።

ዱዎሊንጎ በዋጋው በእርግጥ ዝቅተኛ ነው፤ በቤት ውስጥ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ በሁለት ቀን ይደርሳል። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ካሜራና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ከሆኑ ከወዲሁ አስተማማኝ ቦታ መፈለግ ይኖርብዎታል። ምናልባት ወደፊት ኤክስፕረስ ኢንትሪ በተባለው የባለሙያዎች የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ ሥርዓት ወደ ካናዳ ለመሄድ ካሰቡም ዱዎሊንጎም ቶፍልም ለዚያ አያገለግሉም፤ አይኤልትስም ቢሆን የሚጠየቀው አጠቃላይ የሚባለው ዓይነት እንጂ ለዩኒቨርሲቲ የሚቀርበው አካዳሚክ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎችዎ ሁሉንም የሚቀበሉ ሆነው ከተገኙ ብቻ ነው የእርስዎ ጠባይ የሚጠየቀው። በአይኤልትስ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ከፈታኝ ሰው ጋር ይነጋገራሉ፤ በቶፍልና በዱዎሊንጎ የሚናገሩት ለኮምፒውተር ነው። ፊት ለፊት ያለ ሰው ሲያዩ የሚፈሩ ከሆነ ማይክሮፎን ይቀልዎት ይሆናል፤ በአንጻሩ የሰው ፊት የሚያበረታታዎት ከሆነ ዝም ያለ ስክሪን ይበልጥ ያስርዎታል። በስልክ ብቻዎን የቀረጹትን፣ ጓደኛዎ እንደ ፈታኝ ሆና እየጠየቀችዎት ከተቀረጸ ሌላ ንግግር ጋር ቢያነጻጽሩት መልሱን ያገኙታል።

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ልጨምር። ሲመዘገቡ ስምዎ በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን፤ የፈተናው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ 9፡00 ሲባል ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ። በማዳመጥ ፈተናም ሰዓትና ቀን በብዛት ይጠየቃሉ፤ የሰሙትን ቁጥር በልብዎ ወደ እኛ አቆጣጠር ሳይመልሱ እንዳለ መጻፍን ከወዲሁ ይለማመዱ።

የአይኤልትስ፣ የቶፍልና የዱዎሊንጎ ውጤት ተቀባይነት ያለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ሳይዘጋጁ ለመፈተን የሚያስቸኩል ምክንያት የለም። የመጀመሪያውን ወር ለመለካት ይስጡት። ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎ የሚጠይቀውን ነጥብ ከዝቅተኛው ክህሎትዎ ጋር ያስተያዩ። ሰዓት ተይዞላቸው በተሠሩ ሁለት ሙሉ ሞዴል ፈተናዎች ዝቅተኛው ክህሎትዎ ከሚፈለገው በግማሽ ነጥብ ከፍ ብሎ ከተገኘ ይመዝገቡ፤ በፈተናው ዕለት ፍርሃት የሚወስደውን ያ ግማሽ ነጥብ ይሸፍንልዎታል። በግማሽ ነጥብ ካነሱ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በመጻፍ ወይም በመናገር ላይ ብቻ ያተኩሩ። በአንድ ሙሉ ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ካነሱ ደግሞ የዘንድሮውን ማመልከቻ ትተው ለሚቀጥለው ዓመት ያቅዱ፤ በቀን አንድ ሰዓት ቢሰጡት 200ው ሰዓት በሰባት ወር ውስጥ ይሞላል። አራቱን ውጤቶችዎንና የመረጧቸውን ፕሮግራሞች መስፈርት ከላኩልን በየትኛው ፈተና፣ በየትኛው ወር ቢቀመጡ እንደሚሻል በዚሁ ዓምድ በስም የለሽነት እንመልስልዎታለን።